የብስክሌት ሰንሰለት ጽዳትና ቅባት፦ ከሐዋሳ ብስክሌተኞች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ስለ ሰንሰለት ያላችሁን ጥያቄ አቅርቡ ባልሁት መሠረት ብዙዎቻችሁ ጽፋችኋል። ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምሬ፣ በዚህችው በሐዋሳ ብስክሌት ስጠግን ከኖርሁባቸው ዓመታት ያየሁትን ይዤ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በየሳምንቱ አዲስ የሞተር ዘይት አፈስበታለሁ፤ ሰንሰለቱ ግን ዓመት ሳይሞላው ተበልቶ ያልቃል። ዘይቱ አንሶት ይሆን?

መልስ፦ አላነሰውም ወንድሜ፣ በዝቶበታል። ሰንሰለት ዘይት የሚፈልገው በሆዱ እንጂ በላዩ አይደለም። በእያንዳንዱ አንጓ ውስጥ ፒን አለ፤ በፒኑ ዙሪያ ደግሞ ሰንሰለቱ በሚዞርበት የፔዳሉ ወይም የኋላ ጎማው ጥርስ ላይ ስታርፍ የምትሽከረከር ትንሽ ቀለበት አለች፤ ሰንሰለቱ ጥርሱ ላይ በታጠፈና በተዘረጋ ቁጥር የሚፋተገውና የሚበላው ከውጭ የማይታየው ይህ ክፍል ነው። ላዩ ላይ የተረፈው ዘይት አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ሥራ የለውም። የአካባቢያችን አቧራ ደግሞ የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ የተፋው ፑሚስ የሚባል ሻካራ ድንጋይ ስላለበት፣ ከዘይት ጋር ሲለወስ ብረት የሚሞርድ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ከሰንሰለትዎ ላይ ጥቂት ጥቁር ቅባት ወስደው በአውራ ጣትዎና በሌባ ጣትዎ መካከል ይሹት፤ እንደ ቅቤ ካሟለጨ ደህና ነው፣ እንዳልተነፋ ዱቄት ከቆረቆረ ግን ያ የሚቆረቁረው ነገር ቀኑን ሙሉ በፒኖቹ መካከል ሲፈጭ እንደሚውል ይወቁት።

ስለዚህ መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ቀጥሎ ከሲሪንጅ በየቀለበቷ ላይ አንድ አንድ ጠብታ ብቻ ያኑሩ። አንጓዎቹ 110 ገደማ ስለሆኑ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ዘይት አይጨርስም። ፔዳሉን ወደ ኋላ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ካዞሩ በኋላ ዘይቱ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ያሳድሩት፤ ጠዋት ደግሞ ሰንሰለቱን በንጹሕ ጨርቅ ጨብጠው፣ ላዩ ደረቅ እስኪመስል ድረስ ይጥረጉት። ሰዎች የሚዘሉት ይህን የመጨረሻውን ሥራ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እርሱ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ በቤንዚን ማጠብ ይቻላል?

መልስ፦ ያጸዳል፤ ነገር ግን ትነቱ ከሩቅ እሳት ስለሚስብ አልመክርም። ላምባ ይበቃል፤ እርሱንም ቢሆን ቡና ከሚፈላበት ከሰል ርቃችሁ ተጠቀሙበት። ሰንሰለቱ የሚፈታ ከሆነ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከትታችሁ ላምባ ጨምሩበትና ደጋግማችሁ ናጡት፤ የማይፈታ ከሆነ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ እሹት። ከዚያ በሙቅ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና አለቅልቃችሁ ወዲያው አድርቁት፤ ሳይደርቅ ዘይት የተቀባ ሰንሰለት ውኃውን በሆዱ ይዞ ይዝጋል። ላምባው ጎማና ፍሬን እንዳይነካ ተጠንቀቁ።

የቆሸሸውን ላምባ አትድፉት። በጠርሙስ ሲያድር ጭቃው ይዘቅጥና ከላይ የጠራውን ለሌላ ጊዜ ትጠቀሙበታላችሁ። ወደ ቦይ የሚደፋው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደ ሐይቃችን ይወርዳል፤ ሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ ስለሌለው የገባበትን ይዞ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የተቃጠለ ዘይት፣ የምግብ ዘይት፣ ግሪስ፣ የስፌት መኪና ዘይት፣ ደብሊው ዲ 40፤ ከእነዚህ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ የተቃጠለው ዘይት ከሞተሩ ያጠበውን የብረት ብናኝ ይዞ ስለሚመጣ ይቅር። የምግብ ዘይት ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ግሪስ ለኩሽኔታ ነው፤ ለሰንሰለት ግን ወፍራም በመሆኑ ወደ ውስጥ ሳይገባ ላዩ ላይ ይቀራል። ደብሊው ዲ 40 ውኃ ለማስወጣትና ዝገት ለማላቀቅ ይረዳል፤ ሆኖም የሚተወው ቅባት ስስ ስለሆነ ከእርሱ በኋላ ሌላ ዘይት ያስፈልጋል። የስፌት መኪና ዘይት በደንብ ይሰርጋል፤ አንድ ዝናብ ግን ያጥበዋል። ለሰንሰለት ተብሎ የተሠራው ከተገኘ እርሱን ምረጡ፤ ካልተገኘ በበጋ የስፌት መኪና ዘይት፣ በክረምት አዲስ የሞተር ዘይት በጥቂቱ ተጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ላቫጆ ወስጄ ባሳጥበውስ?

መልስ፦ በኃይል የሚረጨው ውኃ በጎማው መሐልና በፔዳሉ ዘንግ ያሉት ኩሽኔታዎች ውስጥ ገብቶ ግሪሳቸውን ያስወጣል። ባልዲና ጨርቅ ይበቃል።

ጥያቄ፦ በስንት ጊዜ ልቀባ?

መልስ፦ ቀን ከመቁጠር ጆሮ መስጠት ይሻላል። የደረቀ ሰንሰለት እንደ ጫጩት ይጮኻል። ዝናብ ከመታው ግን ድምፅ ሳይጠብቁ የዚያኑ ቀን አድርቀው ይቀቡት።

ጥያቄ፦ አዲስ ሰንሰለት አስገባሁ፣ ስረግጥ ግን ይዘላል። አታለሉኝ ይሆን?

መልስ፦ ሻጩን ከመጠርጠርዎ በፊት ጥርሱን ይመልከቱ። ሰንሰለት ሲያረጅ ውስጡ ስለሚበላ ይረዝማል፤ የረዘመ ሰንሰለት ጥርሱንም በራሱ ልክ ይቆርጠዋል፤ በዚህ ጥርስ ላይ አዲስ ሰንሰለት አይገጥምም፤ ምናልባት የኋላውን ጥርስ አብሮ መቀየር ያስፈልግዎታል። ወደፊት ይህ እንዳይደርስብዎ በማስመሪያ ይለኩት፦ ሰንሰለቱን ወጥረው ከአንዱ ፒን መሐል ተነሥተው 24 አንጓ ሲቆጥሩ አዲስ ከሆነ 30.48 ሴንቲሜትር ይሆናል። ማርሽ ያለው ብስክሌት ላይ 30.7፣ ማርሽ የሌለው ላይ 30.8 ገደማ ከደረሰ መቀየር አለበት።

ጥያቄ፦ ሰንሰለቱን ለማጠብ ፈትቼ መልሼ ገጠምሁት፤ በሁለተኛው ቀን ግን ሁለቱን የሰንሰለት ጫፎች አያይዛ የምትቆልፈው ቅንጥብ መንገድ ላይ ወደቀች። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቅንጥቧን ገልብጠሽ ገጥመሻት ይመስለኛል። አንዱ ጫፏ ድፍን፣ ሌላው ክፍት ነው፤ ድፍኑ ጫፍ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት፤ ይኸውም ከላይ ባለው የሰንሰለት ክፍል ላይ ስታያት ወደ ፊት ማለት ነው። ክፍቱ ወደ ፊት ከሆነ አንድ ነገር የነካት ዕለት ተገፍታ ትወጣለች። በፒንሳ ገፍተሽ ሁለቱም ፒኖች ላይ መቆለፏን ካየሽ በኋላ፣ ፔዳሉን በእጅሽ ቀስ ብለሽ አዙሪና ቅንጥቧ የሰንሰለቱን ሽፋን ሳትነካ ማለፏን ተመልከቺ።