«ደስ የሚልሽን ሥሪ ሲሉኝ ግራ ይገባኛል»

ጥያቄ፦ የ33 ዓመት ሴት ነኝ። ቤሩት 11 ዓመት በሰው ቤት ሠርቼ ወደ ኮምቦልቻ ከተመለስኩ ስምንት ወር ሆነኝ። በላክሁት ገንዘብ ቤት ተሠርቷል፣ ታናሽ እህቴም የልብስ ሱቅ ከፍታለች። አሁን ሁሉም ሰው «ለፍተሻል፣ እስኪ አንቺም ደስ የሚልሽን ሥሪ» ይለኛል። መልስ የለኝም። ምን ይሠራልሽ ሲሉኝ እንኳ «እናንተ የምትበሉትን» ነው የምለው። እንግዳ ሲመጣ ሳላስበው ተነስቼ ዕቃ አጥባለሁ። እህቴ በቀረኝ ብር ካፌ እንክፈት ትላለች፤ ዝም ስል እናቴ «ጠግበሻል» ብላ ታኮርፋለች። እዚያ ሳለሁ ማለዳ በረንዳው ላይ ያለውን ናና ውኃ ሳጠጣ ብቻ ነበር ማንም የማይጠራኝ። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ እህታችን፣ በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽው ያለፍሽ ነገር አለ፤ ናናው። ቆይተን እንመለስበታለን።

በቅድሚያ መልስ ያጣሽበትን ምክንያት እንይ። ሊባኖስ ውስጥ «ከፋላ» በሚባለው የውጭ ሠራተኞች ቅጥር አሠራር የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። መቼ እንደምትነሺ፣ ምን እንደምትበዪ፣ ስልክ መቼ እንደምትነኪ፣ ከበር መውጣትሽንም ጭምር የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። እንዲህ ባለ ቤት «እኔ ግን ይሄን እፈልጋለሁ» ማለት ትርፉ ጭቅጭቅ ነው። ስለዚህ ብዙዎች የራሳቸውን ሆድ ከማዳመጥ በፊት የማዳሟን ፊት ማንበብ ይለምዳሉ። ልማዱ እዚያ ሳለሽ ጠብቆሻል፤ ችግሩ ከሻንጣው ጋር አብሮ መምጣቱ ነው። እንግዳ ሲገባ ከመቀመጫሽ የሚያስነሳሽ እሱ ነው። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰው አንድን ነገር ከልቡ ወዶ እንዲሠራ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ይላሉ፦ በራሱ ፈቃድ መምረጥ፣ «እችለዋለሁ» ብሎ መተማመን፣ ከሰው ጋር መተሳሰር። ሙያማ ሞልቶሻል፤ የሰው ቤት 11 ዓመት ቀጥ አድርጎ መያዝ የዋዛ አይደለም። ባዶ የቀረው የመጀመሪያው ነው። እናትሽ «ጥጋብ» ያሉት ይህንን ባዶነት ይመስለናል።

ወደ ልምምዱ ከመግባታችን በፊት መጣራት ያለበት ነገር አለ። «ምን እንደምወድ አላውቅም» እና «ምንም ነገር ደስ አይለኝም» የተለያዩ ናቸው። ጥሩ ቡና ስትጠጪ ወይም ሕፃን ሲስቅ ስታዪ ለአፍታም ቢሆን ፈታ የምትዪ ከሆነ ይህ ምክር ይበቃሻል። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በላይ አብዛኛውን ቀን ምንም የማይሰማሽ ከሆነ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ እዚያ የደረሰብሽ ነገር በሕልምሽ እየመጣ የሚያባንንሽ ከሆነ፣ ደብተርና እርሳስ አይበቃም። ደሴ ቅርብሽ ነው፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ሂጂ። የደም ምርመራም ጠይቂ፤ የደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞን ማነስ ልክ እንደ ድብርት አድርገው ሰውን ያፈዛሉ። መሞትን የምታስቢ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ለምታምኚው ሰው ተናግረሽ፣ ይዞሽ እንዲሄድ አድርጊ።

አሁን ወደ ሥራው። ደስታን ቁጭ ብሎ በማሰብ ማግኘት ይቸግራል፤ «ምን እወዳለሁ?» ብለሽ ስታስቢ ወደ አፍሽ የሚመጣው ሌሎች የሚወዱት ነው። ስለዚህ ለ14 ቀን ማሰብሽን ትተሽ መዝግቢ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። ስልክሽን በቀን ሦስት ጊዜ እንዲጮህ ሙዪው፦ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት። በጮኸ ቁጥር አንድ መስመር ጻፊ፦ ምን እየሠራሽ ነበር፣ ከማን ጋር፣ ከዚያ ሁለት ቁጥር። አንደኛው ከ0 እስከ 10 ምን ያህል ደስ ብሎሽ እንደነበር፣ ሁለተኛው ምን ያህል «ሠራሁት» የሚል ስሜት እንደተሰማሽ። ሁለቱን አትቀላቅያቸው። ዕቃ ስታጥቢ ደስታው 1፣ «ሠራሁት» የሚለው 8 ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሴቶች ይህን 8 ደስታ ነው ብለው ዕድሜ ልካቸውን ይኖራሉ።

ይህ ልምምድ የሚበላሽባቸው መንገዶች ይታወቃሉ። ማታ ላይ የቀኑን ሁሉ አንድ ላይ መሙላት አንዱ ነው፤ በማታው ድካም ቀኑ ሁሉ ይጠቁራል። ሌላው ሁሉንም 5 መስጠት ነው። አንቺ በተለይ ይህን ታደርጊያለሽ ብለን እንጠረጥራለን፣ 5 ማንንም የማያስቀይም ቁጥር ነውና። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው፦ 5 የሚባለውን ቁጥር ከልክዪ። ወይ 4 ወይ 6። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ቁጥሮቹ ትርጉም የለሽ ይመስሉሻል፤ ቀጥዪ። ደብተሩም ቤተሰብ በማያነበው ቦታ ይቀመጥ፣ ካልሆነ ለአንባቢ መጻፍ ትጀምሪያለሽ።

ወደ ናናው እንመለስ። አንድ ሰው «ይህ ደስ ይለኝ ነበር» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የነገሩን ስም ነው የሚጠራው፤ ደስታው ግን ከነገሩ ክፍሎች በአንዱ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ያንን ማለዳ በታትነሽ ጻፊው። ተክሉ ነበር ወይስ ማንም አለመጥራቱ? ሽታው ነበር? አየሩ? የትናንቱ ቅጠል ዛሬ አድጎ ማየት? ወይስ በዚያ ቤት ያለ ትእዛዝ የምትሠሪው ብቸኛ ሥራ እሱ መሆኑ? መልሱ የሚወስድሽ መንገድ የተለያየ ነው። ዋናው ብቸኝነቱ ከነበረ ዶሮ ማርባት አያስደስትሽም፤ ማለዳ የእግር ጉዞ ግን ሊያስደስትሽ ይችላል። የሚያድግ ነገር ማየቱ ከነበረ ጓሮ ብቻ ሳይሆን ሕፃን ፊደል ማስቆጠርም ከዚያው ወገን ነው። ሽታው ከነበረ ወጥ ቤት፣ ቅመም ማዘጋጀት።

ግምቱ ትክክል መሆኑን የሚነግርሽ ሙከራ ነው። ከክፍሎቹ ተነስተሽ ሦስት ነገር ምረጪ፤ እያንዳንዱን አራት አራት ጊዜ፣ በየጊዜው 40 ደቂቃ ሞክሪ። ለአንዱ ከ300 ብር በላይ አታውጪ፤ ብዙ ብር የወጣበት ነገር ግዴታ ይሆናል። ከመጀመርሽ በፊት «ስንት ደስ ይለኛል?» ብለሽ ቁጥር ጻፊ፣ ስትጨርሺ ደግሞ የሆነውን። ልቡ የቀዘቀዘ ሰው ግምቱን ዝቅ ያደርጋል፤ 2 ብለሽ ጀምረሽ 6 ላይ ከጨረስሽ ወረቀቱ ከስሜትሽ የተሻለ ምስክር ነው። አራት ጊዜ ያልነው በዘፈቀደ አይደለም። ሱዛን ሂዲና አን ሬኒንገር በ2006 እንዳስረዱት ፍላጎት በደረጃ ነው የሚያድገው፤ መጀመሪያ ከውጭ የመጣ ነገር ይነካካዋል፣ ድጋፍና ድግግሞሽ ሲያገኝ ነው የራስ የሚሆነው። የመጀመሪያው ቀን እጅ ስለሚያፍር ደስታውን ይሸፍነዋል። በአንድ ቀን «አልተመቸኝም» ብሎ መጣል የተለመደው ስህተት ነው። በአራተኛውም ከ3 ካላለፈ ግን ያለ ጸጸት ተዪው።

ናናውን ራሱን መሞከር ከፈለግሽ ከገበያ እስር ናና ገዝተሽ አንድ ጣት ያህል የሚረዝም ጤነኛ ቅርንጫፍ ምረጪ፤ የታችኛውን ቅጠል አንስተሽ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አቁሚው፣ ውኃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሪ። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ነጭ ሥር ታያለሽ። አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ለሁለት ቆርጠሽ፣ ታቹን አራት አምስት ቦታ በስተሽ ትከዪው። ካልበሳሽው ውኃው ተኝቶ ሥሩ ይበሰብሳል። ቤተሰቡ ሲነቃ «አንቺ፣ ነይ» የሚለው ጥሪ ስለማይቀር ውኃ የምታጠጪው ከዚያ በፊት ይሁን።

ካፌውን በተመለከተ አቋማችን ግልጽ ነው፦ ለ90 ቀን አይሁን። እህትሽ ክፉ አስባ ነው አላልንም። ግን ዴሲ በ1971 ባሳተመው ሙከራ ተማሪዎች በራሱ ደስ ይላቸው የነበረ እንቆቅልሽ ሲፈቱ ገንዘብ ተከፈላቸው፤ ክፍያው ሲቆም በትርፍ ጊዜያቸው እሱን የመንካት ፍላጎታቸው ቀነሰ። ገና ያልበቀለ ደስታ ላይ ኪራይ፣ ግብርና የሠራተኛ ደመወዝ ከተጫነበት በሁለት ወር ውስጥ ሌላ ማዳም ይሆንብሻል። ካፌው አዋጪ ከሆነ በሦስት ወር ውስጥ አይጠፋም። እስከዚያ ብሩን በጊዜ ገደብ የሚቀመጥ ሒሳብ ውስጥ አስገቢው፤ «ታስሯል» ማለት «አልሰጥም» ከማለት ይቀላል።

ለእናትሽ የምትነግሪው በኩርፊያው መሃል ሳይሆን ቡና ላይ፣ ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ይሁን። በአጭሩ እንዲህ በዪ፦ «እማ፣ 11 ዓመት ሰው ሲጠራኝ ብቻ ነው የተነሳሁት። አሁን በራሴ መነሳት ልልመድ ነው። ሦስት ወር ስጪኝ። ከ9 እስከ 10 ሰዓት አትጥሪኝ፤ ከዚያ በኋላ አብሬሽ ነኝ።» ማብራሪያ አታብዢ፤ ያበዛሽ እንደሆነ ክርክር ይሆናል። «ሰው ምን ይላል» ካሉሽ ፍርሃታቸው እሱ ነውና «ሰው ሲጠይቅሽ ዕረፍት ላይ ናት በዪ» ብለሽ የሚመልሱትን ቃል ስጫቸው። መጀመሪያ ይስቁ ይሆናል፣ ሁለት ሦስት ቀንም በዚያች ሰዓት ይጠሩሻል። አትቆጪ፤ «10 ሰዓት ላይ እማ» ብለሽ ባለሽበት ቆዪ።

እንግዳ ሲመጣም አንድ ልምምድ ጨምሪ፦ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ተቀመጪ። እግርሽ ይበላሻል፣ ይጨንቅሻል። ያንን ጭንቀት ከ0 እስከ 10 ጻፊው፤ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው እንግዳ ቁጥሩ ሲወርድ ታያለሽ። ሳህኖቹን እህትሽ ታንሳ። «ምን ይሠራልሽ?» ሲሉሽ ደግሞ ለጊዜው የሆነ ነገር ጥሪ፤ ሽሮ በዪ፣ ባትፈልጊውም። ቀርቦ ሲመጣና «ኧረ ፍርፍር በተሻለኝ» የሚል ሐሳብ ብልጭ ሲልብሽ፣ ደብተሩ ላይ ጻፊው።