የጥናት ተሳታፊዎች የፈረሙት የፈቃድ ቅጽ ስለ ዳግም ግንኙነት ካላነሳ መደወል ይቻላል?

አይቻልም። ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ከሦስት ዓመት በፊት ለጥናታችሁ የፈረሙት ቅጽ ወደፊት ስለመገናኘት ምንም ካላለ፣ ስልክ ቁጥራቸው እጃችሁ ላይ መኖሩ ፈቃድ አይሆንም። መጀመሪያ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው የማሻሻያ ጥያቄ አስገቡ፤ በስልክ የሚባለውን ቃል በቃል፣ የመደወል ሙከራውን ብዛት (ከሁለት ባይበልጥ) እና የምክር አገልግሎት የሚሰጥበትን ቦታ አያይዙ።

ሲፈቀድ፣ ከተቻለ ያኔ ያነጋገረቻት ጠያቂ ራሷ ትደውል። ሌላ ሰው ካነሳ «ስለ ሴቶች ጤና ጥናት ነው» ብላ ትዝጋ። በቡታጅራ የተካሄደው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናትም ለአካባቢው ሰው የተዋወቀው የሴቶች ጤናና ሕይወት ጥናት ተብሎ ነው። ሴቲቱ ራሷ ካነሳች ግን ከሁሉ በፊት «አሁን ብቻሽን ነሽ?» ብላ ትጠይቃት።

አጭር መልእክት ግን በፍጹም አትላኩ። ስልኩን ባል ሊያየው፣ ቁጥሩም ለሌላ ሰው ተላልፎ ሊሆን ይችላል፤ ጽሑፉ እዚያው ይቀራል፣ ዱላው የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።