አሰልጣኙ የሚጮኸው የቆምክበትን አይቶ ነው

«ሁለት ሆነን ቅርጫት ኳስ ስንዳኝ የት ልቁም? አሰልጣኝ ሲጮህብኝስ ምን ልበል?» ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ናቸው። እኔም ዘግይቶ ነው የገባኝ።

ስጀምር ዓይኔ ከኳሷ አይነቀልም ነበር። ጥፋቱ ግን የሚፈጠረው ሌላ ቦታ ነው። ተከላካዩን እይ። ቀድሞ ቦታ ይዟል? ቀጥ ብሎ ነው የዘለለው? እጁስ? ይህን ለማየት በእሱና በአጥቂው መካከል ያለው ክፍተት ሊታይህ ይገባል። የአንዱ ጀርባ ሌላውን ከጋረደብህ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን በል። መጠጋት መፍትሔ አይደለም። በጣም ስትጠጋ እንዲያውም ሁሉ ነገር ይፈጥንብሃል።

ኳሷ ስትወረወር ደግሞ ከቅርጫቱ ሥር ያለው ዳኛ፣ ሊድ የምንለው፣ ሽቅብ አያንጋጥ። ኳሷ ስትወርድ ማን ማንን እንደሚገፋ ይጠብቅ። የኳሷን በረራ ከኋላ ያለው ትሬይል ያየዋል።

አንድ ቀን ደክሞኝ መሃል ሜዳ ላይ ቀርቼ ቅርጫት ሥር የተፈጠረ ጥፋት ነፋሁ። አሰልጣኙ «ከዚያ ሆነህ ታየህ?» አለኝ። ምን ልበለው? እውነቱን ነው። ውሳኔዬ ትክክል ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቦታህን ይዘህም መጮኹ አይቀርም። ጥያቄ ከጠየቀ በአጭሩ መልስለት፦ «እጁን መታው»። ዝም ብሎ ከጮኸ አልፈኸው ሂድ። ያመለጠህ ነገር ካለ «አላየሁትም» በል፤ ግን በየአምስት ደቂቃው አይሁን፣ ሰውዬው ይንቅሃል። «ተረጋጋ» የምትለዋን ቃል እርሳት። እሳት ላይ ቤንዚን ናት።

በፊባ (የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ ቆሞ መምራት የሚችለው ዋናው አሰልጣኝ ወይም የመጀመሪያ ረዳቱ ነው፣ ያውም በተራ። ወንበር ላይ ያሉት ሁሉ ብድግ ካሉ ቶሎ አስቀምጣቸው። ከመቅጣትህ በፊት ለዋናው አሰልጣኝ አንድ ጊዜ በጨዋነት «ይበቃል» በለው። ከሰደበህ ግን ቴክኒካል ፋውል (የሥነ ምግባር ጥፋት) ነው፣ አትለማመጥ። ቅጣቱ 1 ነፃ ውርወራ ነው፤ በራሱ ጥፋት 2 ቴክኒካል ከሞላበት ከሜዳ ይወጣል። ስትሰጠው ድምፅህን አታንሳ፣ ዓይን ለዓይን አትፋጠጥ። ጠረጴዛው ላይ ላሉት መዝጋቢዎች አሳውቀህ ዞር በል። ከተቻለም ወንበሩ አጠገብ ጓደኛህ ይቁም። ለጥቂት ደቂቃ ያንተን ፊት ባያይ ይሻለዋል።