ሐይቅ ውሃው ሲሸሽ ቆሮሶው የት ይራባል? ጥያቄና መልስ

ከወሎዎቹ ሁለት ሐይቆች፣ ከሐይቅና ከአርዲቦ ዳር የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። የምችለውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሐይቃችን እንዲህ ጥልቅ ሆኖ፣ ዳሩ ላይ አንድ ክንድ ቢቀንስ ዓሣው ምን ይሆናል?

መልስ፦ ብዙ ይሆናል። የሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር ያልፋል፤ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ግን እዚያ ታች አይራባም። ወንዱ ሰው ቆሞ በሚረግጠው ዳር አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ሰሃን የመሰለ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥልና ወዲያው በአፏ ትይዘዋለች። አሥር ቀን ግድም፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ እምብዛም ሳትበላ ትቆያለች። እናት ናትና!

ውሃው በዚህ መሃል ቢሸሽ ጎጆው ደረቅ ላይ ይቀራል። እንቁላሉ አፏ ውስጥ ስላለ ይተርፋል። የከፋው ከዚያ በኋላ ነው። ጫጩቶቹ የሚሸሸጉት ፊላው ሥር ነው። ፊላው ከውሃ ከወጣ መደበቂያ የላቸውም፤ አምባዛና ወፍ ይለቅማቸዋል።

ጥያቄ፦ አምባዛና ካርፕስ?

መልስ፦ እነሱ ይብሳሉ። እንቁላላቸውን ውሃ የዋጠው ሣር ላይ ይለጥፉታል። የአምባዛ ውሃው ከሞቀ በአንድ ሁለት ቀን ይፈለፈላል፤ የካርፕ ከዚያ ይቆያል። ሐምሌ ላይ ሞልቶ ወዲያው ከጎደለ እንቁላሉ ከነሣሩ ይደርቃል። ስለዚህ ውሃው ስንት ጨመረ ብቻ አትበሉ፤ ስንት ቀን ቆየ በሉ።

ጥያቄ፦ ጎርፍ ሲገባስ ጥሩ ነው?

መልስ፦ ንጹሕ ውሃ ከሆነ አዎ። ከተራቆተ ተራራ ደለል ይዞ ከወረደ ግን እንቁላሉን ያፍነዋል።

ጥያቄ፦ ሽንኩርቴን የማጠጣው ከሐይቁ በሞተር ስቤ ነው። ጥፋተኛው እኔ ነኝ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ አንድ ሞተር ሐይቅ አያደርቅም። ግን ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ዝናቡና ከአርዲቦ የሚወርደው ወንዝ ይሞሉታል፣ ፀሐይ ትወስድበታለች። እኔን የሚያስፈራኝ በበጋ ሁላችንም ባንዴ ስንስብና ያንን ወንዝ ከላይ ስንጠልፈው ነው። አንተ ለጊዜው እስከ ውሃው አፍ አትረስ፤ ፊላውንም አትንቀል።

ጥያቄ፦ መረባችንን መቼ እናንሳ?

መልስ፦ ቆሮሶ በሌላም ወቅት ይራባል። ቢያንስ ክረምት ውሃው ሲሞላ ግን ከዳር የሚጎተተውን መረብ ተዉት። አፏ እንቁላል የሞላ ሴት መረብ ውስጥ ስትጨነቅ ትተፋዋለች። አዝናችሁ መልሳችሁ ብትለቋትም እንቁላሉ አብሯት አይመለስም።