ባዶው የጎጆ ሰፈር እና ያንቺ ስታቲስቲክስ

ውድ ጠያቂያችን፣

«የባዮሎጂ ተመራቂ ነኝ። በአርክቲክ የምትራባውን ነጭ የባሕር ወፍ፣ አይቮሪ ጋልን፣ ቁጥሯን ከሚከታተል ቡድን ጋር መሥራት እመኛለሁ። የመስክ ልምድ የለኝም፤ ስታቲስቲክስም ያስፈራኛል። ተስፋ አለኝ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አለሽ። የመስኩ ነገር አያሳስበኝም፣ የስታቲስቲክሱ ፍርሃት ግን ያሳስበኛል።

በሰሜን ካናዳ የወፏን መመናመን ቀድመው ያስተዋሉት እዚያው የሚኖሩት ኢኑዊቶች ናቸው። (ይህን አትርሺ፤ የአካባቢውን ሰው ማዳመጥ የዚህ ሙያ ግማሽ ነው።) ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 በሄሊኮፕተር ወፏ ቀድሞ ትፈለፍልባቸው ወደነበሩ የጎጆ ሰፈሮች ሲሄዱ ብዙዎቹን ባዶ አገኟቸው። ከ1980ዎቹ ቆጠራ ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ 80 በመቶ ገደማ አሽቆልቁሎ ነበር።

ግን ይህች ወፍ ዘንድሮ የፈለፈለችበትን ቦታ ለከርሞ ልትተወው ትችላለች። ታዲያ ባዶ ሰፈር ስታዪ አልቃ ነው ወይስ ሰፈር ቀይራ? ለዚህ መልስ የሚገኘው ዙሪያውን ያሉትን ሥፍራዎች በዚያው ወቅት በማሰስ እና «አላየሁም»ን ከ«የለም» በሚለይ ስሌት ነው። የምትሸሺው ትምህርት የሥራው እምብርት ነው የምለው ለዚህ ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የአየሩ ሁኔታ እና የበረራው ከፍታ የተጻፈለት «0» መረጃ ነው። ሳይሞላ የቀረ መስመር ግን ለማንም አይጠቅምም፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ማስታወሻሽን የሚከፍት ሰው ሄደሽ ማጣትሽን ወይም ጭራሽ አለመሄድሽን በምን ያውቃል?

ስለዚህ ዛሬውኑ ጀምሪ። በአቅራቢያሽ የሚሰፍር ማንኛውም የወፍ መንጋ ይበቃል። ከጓደኛሽ ጋር ሆናችሁ፣ ቁጥር ሳትነጋገሩ፣ ለየብቻ ቁጠሩ። አንቺ 140፣ እሷ 165 ብትጽፉ አንዱን አትሰርዙ፤ ልዩነቱ ራሱ የሚጠና ነገር ነው። ያንን ውሂብ ይዘሽ «አር» የተባለውን የስሌት ፕሮግራም ተማሪበት። በራስሽ ቁጥር ስትማሪው ፍርሃቱ ይቀላል።

ሁለተኛ ዲግሪሽን በሥነ ምኅዳር አድርጊው፣ ስታቲስቲክሱን ግን እንደ ተጨማሪ ኮርስ አትቁጠሪው። የመስክ ወቅቱ የበጋ ጥቂት ሳምንታት ነው፤ የቀረው ዓመት ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። አርክቲክን ሳይረግጡም ወፏን ማገልገል ይቻላል፦ ተመራማሪዎች በሙዚየም የተቀመጡ፣ ከ1877 እስከ 2007 የተሰበሰቡ ላባዎቿን መርምረው መርዛማው ሜቲል ሜርኩሪ 45 እጥፍ ገደማ መጨመሩን አሳይተዋል። የሥራ ቦታ ስትፈልጊ የካናዳን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እና የኖርዌይን የዋልታ ጥናት ተቋም ተከታተዪ።

ማመልከቻ ስትጽፊ «ወፎችን እወዳለሁ» ብለሽ አትጀምሪ። ከመዝገብሽ አንድ ገጽ አያይዢ፤ አንቺና ጓደኛሽ በቁጥር የተለያያችሁበትን ቀን ምረጪ።