የቪትዝ የፊት መብራትና የፓርኪንግ አምፖል ራስሽ መቀየር ትችያለሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ቪትዝ አለኝ፣ በቀኝ በኩል አጭሩ መብራት አይበራም፣ ፓርኪንጉም ጠፍቷል፣ ኤሌክትሪሺያን ደግሞ ለጉልበት ብቻ የጠራው ዋጋ አስደነገጠኝ ብለሻል። ራሴ መቀየር እችላለሁ ወይ፣ በዚያውስ ነጭ ኤልኢዲ ባስገባ ምን ይመስላችኋል ነው ጥያቄሽ።

ትችያለሽ። የፊቱን ኤልኢዲ ግን ተዪው።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። አሮጌ ቪትዝ ስነዳ ግን ስምንት ዓመት አለፈኝ። አምፖል ሲቀየር ሊሠራ የሚችለውን ስህተት ሁሉ አንድ በአንድ ሠርቼዋለሁ።

መጀመሪያ ገንዘብ ሳታወጪ አንድ ነገር ሞክሪ። ረጅሙን አብሪውና ቀኙን እዪ። ረጅሙ በርቶ አጭሩ ብቻ ከጠፋ በአብዛኛው የተቃጠለው የአምፖሉ ክር ነው። የአብዛኛው ቪትዝ አምፖል ሁለት ክር ነው ያለው፣ አንዱ ለአጭር፣ አንዱ ለረጅም። በአንድ በኩል ሁለቱም ከጠፉ ፊውዙንም እዪ። ቀኝና ግራ በአንዴ ከጠፉ ደግሞ አምፖል ገዝተሽ አትቸኩይ፤ ሁለት አምፖል በአንድ ሌሊት እምብዛም አይሞትም። ከተጠራጠርሽ የግራውን አውጥተሽ ቀኝ ላይ ሞክሪው። ከበራ ጥፋቱ የአምፖሉ ነው፣ ካልበራ የመስመሩ።

አምፖሉ ኤች 4 ይባላል። 12 ቮልት፣ 60/55 ዋት የሚለውን ግዢ። የፓርኪንጓ 5 ዋት ናት፤ ከሥሯ ብረት የሌላት፣ መላዋ መስታወት የሆነች ትንሽ አምፖል። ሶማሌ ተራም ሂጂ ሰፈርሽ ያለ መለዋወጫ ቤት፣ የተቃጠሉትን ይዘሽ ሂጂ። ስሙን ብትረሺውም አምፖሉ ራሱ ይናገራል።

እዚያ ስትደርሺ ሻጩ "ለምን 100/90 አልሰጥሽም? ፏ ያደርገዋል" ይልሻል። እኔንም ብሎኛል። ገዛሁት፣ እውነትም ፏ አደረገው። ሦስት ወር ያህል እንደ ንጉሥ ነዳሁ። አንድ ማታ ከደብረ ብርሃን ስመለስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። መጀመሪያ ከፊቴ ያለው ሲኖትራክ ነው ብዬ ነበር። ቀኙ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ነው ዳር ይዤ ኮፈኑን የከፈትኩት። ሶኬቱ ቀልጦ አምፖሉ ላይ እንደ ማስቲካ ተለጥፏል። የአንደኛው ሽቦ ልባስ ጠቁሮ ተሰንጥቆ መዳቡ ይታያል። ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነበር። 55 ዋት ከ5 አምፔር በታች ነው የሚስበው፣ 90ው ግን ሰባት ተኩል ይስባል። ሽቦውና ሶኬቱ ለዚያ አልተሠሩም። አምፖል በርካሽ ገዝቼ ሶኬትና የሽቦ ሥራ በውድ ከፈልኩ።

ወደ ሥራው እንግባ። መኪናውን አጥፊ፣ ቁልፉን ንቀዪ። መብራቱ በርቶ ከነበረ እስኪበርድ ጠብቂ፤ የጋለ አምፖል ቆዳ ያነሳል። ቀለበትና ሰዓት አውልቂ፣ ባትሪው እዚያው አጠገብ ነው። ባትሪው ባለበት በኩል ቦታው ጠባብ ስለሆነ እጅሽ ቀጭን ከሆነ ታድለሻል።

ከመብራቱ ጀርባ በእጅሽ ዳብሺ። መጀመሪያ የምታገኚው ሦስት ሽቦ የገባበት ሶኬት ነው። ሽቦውን ሳይሆን ፕላስቲኩን ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ወደ ኋላ ሳቢው። ከቆየ እምቢ ይላል፣ ትንሽ ትንሽ እያወዛወዝሽ ሳቢው። ቀጥሎ ክብ ጥቁር ጎማ አለ፣ ዙሪያውን ገልጠሽ አውጪው። ከሥሩ አምፖሉን የያዘች ቀጭን የሽቦ ሞላ አለች። ወደ ውስጥ ተጫን አድርገሽ ወደ ጎን ስትገፊያት ትለቃለች።

ይቺን ሞላ ግን አደራ። በአንድ በኩል እንደተንጠለጠለች መቅረት ነበረባት፣ የእኔዋ ግን አርጅታ ነበርና ከእጄ አፈትልካ "ቲንግ" ብላ ፓራውልቱ ውስጥ ገባች። በስልክ መብራት ግማሽ ሰዓት ተንበርክኬ ፈለግኳት። በመጨረሻ ያወጣልኝ ማግኔት በሽቦ ያሰረ የሰፈር ልጅ ነው። እሷ ከሌለች አምፖሉ ይወዛወዛል፣ መብራቱም መንገዱን ትቶ ሰማይ ያያል።

አዲሱን አምፖል ስታስገቢ ብረቱን ያዢ እንጂ መስታወቱን አትንኪ። ተረት አይደለም። የእጅ ወዝ የነካው ቦታ ሲግል ከሌላው በላይ ይሞቃል፤ መስታወቱ ያብጣል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። የመጀመሪያዬ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የቆየው። ሳወጣው በአንድ ጎኑ ልክ እንደ ጣት አሻራ የደበዘዘ ቦታ ነበረው። ከነካሽው ንጹህ አልኮል ባረፈበት ጨርቅ ወልውዪው። የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፣ አብዛኛው ማለስለሻ አለበት።

አምፖሉ ሦስት ጆሮ አለው፣ ሰፊዋ ጆሮ ወደ ላይ ናት። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚገጥመው። ካልገባ አትታገዪው፣ አዙረሽ እዪው። ከዚያ ሞላዋን፣ ጎማውን፣ ሶኬቱን በተራ መልሺ። ጎማውን "ምን ይሠራል" ብለሽ እንዳትተዪው፤ በአንድ ክረምት የመብራትሽ ውስጥ ላብ ያወጣል፣ ቀጥሎ ብርሃኑን ወደ ፊት የሚመልሰው አንጸባራቂ ይላጣል።

ፓርኪንጓ ከዚህም ትቀላለች። ሶኬቷን ወደ ግራ ሩብ ዙር አዙረሽ ከነአምፖሏ ወደ ውጭ አውጪ፣ አምፖሏን ቀጥ አድርገሽ ንቀዪ፣ አዲሷን ግፊ፣ በቃ። ሶኬቷን ሳታወጪ አምፖሏን ብቻ ለመንቀል እንዳትሞክሪ። እኔ ሞክሬ መብራቱ ውስጥ ጣልኳት። ጉድጓድ ባለፍኩ ቁጥር ኪሽ ኪሽ ትል ነበር፤ አብሮኝ የሚሄድ ሁሉ "ይሄ ድምፅ ምንድን ነው?" ይለኛል። እሷን ለማውጣት ሙሉ መብራቱን አስፈታሁ።

አሁን ወደ ኤልኢዲው። የድሮውን ኤች 4 አምፖል በደንብ እዪው። ከአጭሩ ክር ሥር እንደ ማንኪያ የጎደጎደች ትንሽ የብረት ሽፋን አለች። ሥራዋ ብርሃኑ ወደ ታችኛው የአንጸባራቂው ግማሽ እንዳይሄድ መከልከል ነው። የላይኛው ግማሽ ብቻ ስለሚያንጸባርቅ ብርሃኑ ወደ መንገዱ ይወርዳል። መንገድ ላይ በየሱቁ የሚሸጠው ርካሽ ኤልኢዲ ብርሃን የሚወጣበት ቦታና ቅርጹ ከክሩ ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ለአንቺ ከፊትሽ ያለው አስፋልት ቦግ ይላል፣ ከፊት ለሚመጣው ሹፌር ግን ፀሐይ ነው። ማታ ወደ አዳማ የወጣ ሰው የምለው ይገባዋል። ፓርኪንጓን ግን ኤልኢዲ ብታደርጊ ማንንም አታጥበረብሪም። ካልበራች ገልብጠሽ አስገቢያት፣ ፕላስና ማይነስ ትለያለች።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ቪትዝሽ ከጃፓን መጥታ መሪዋ የተገለበጠ ከሆነ መብራቷም የተሠራው በግራ ለሚነዳ አገር ነው። አጭሩን አብርተሽ ከግድግዳ አምስት ሜትር ያህል ራቂና እዪው። የብርሃኑ ጫፍ በግራ በኩል ከፍ ካለ፣ ከፊት የሚመጣው ላይ ነው የሚተኩሰው። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ከፍ ማለት ያለበት በቀኝ ነው። ይህን አምፖል አያስተካክለውም፣ የመብራቱ ቅርጽ ነው። መፍትሔው መሪዋ በግራ ከሆነች መኪና የወጣ ሙሉ መብራት መግዛት ነው፤ አንድ ቀን ፓራፋንጎ ተመትቶ መብራት ስትቀይሪ አስቢበት።

ከቀየርሽ በኋላ በየወሩ የሚቃጠል ከሆነ ተመልሰሽ ወደ አምፖል አትሮጪ። ሞተሩ ተነሥቶ ባትሪው ላይ ቴስተር፣ ማለትም የቮልት መለኪያ፣ አስደርጊ። 14 ቮልት አካባቢ ካነበበ ደህና ነው። 15 ካለፈ ዲናሞው ከመጠን በላይ እየሞላ ነው፣ አምፖሉን የሚበላው እሱ ነው፤ ባትሪሽንም ይቀቅለዋል። ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለም በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ወይም በሽቦ የሚያስርልሽን ሰው አትመኚው፣ የሆነ ቦታ ሽቦ ተልጧል ማለት ነው።

ዛሬ ቀን በብርሃን ሞክሪው፣ ለማታ አታቆዪው። ሞላዋ ላይ ከተያዝሽ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊ፣ ከሥራ ስወጣ አያለሁ።