«የእኛ ዘር አይጃጅም» ለሚለው ወንድም

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። አያታችን ባለፈው ዓመት በ107 ዓመታቸው አረፉ። የልጅ ልጆቻቸውን ስም እስከ መጨረሻው ከነክርስትና ስማችን ይጠሩ ነበር። «በማይጨው ጊዜ እናቴ አዝላኝ ሸሸች» እያሉ ያጫውቱን ነበር። አሁን የ52 ዓመቱ ታላቅ ወንድሜ የደም ግፊት ክኒኑን አቁሟል። ስቆጣው «የእኛ ዘር አይጃጅም» ይለኛል። እውነት ይህ ነገር ይወረሳል? (ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። መጀመሪያ ግን ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ማይጨው 1928 ዓ.ም. ነው። አያታችሁ 107 ከሞላቸው ያኔ 18 ግድም ነበሩ ማለት ነው። የ18 ዓመት ኮረዳ ደግሞ አትታዘልም! ዘጠና ግድም ቢሆናቸው ነው። እሱም ቢሆን ከነአእምሯቸው መሆኑ ትልቅ ነገር ነው።

ይወረሳል ወይ? በከፊል፣ አዎ። ሄንድሪክዬ ቫን አንደል-ሺፐር የሚባሉ ሆላንዳዊት ነበሩ። በ82 ዓመታቸው «ስሞት ሰውነቴን ለሳይንስ» ብለው ፈረሙ። 111 ሲሞላቸው ዩኒቨርሲቲው ጋ ደውለው «አሁንም እጠቅማችኋለሁ?» አሉ። በ112 እና በ113 ዓመታቸው የአእምሮ ፈተና ሲሰጣቸው፣ ከ60 እስከ 75 ዓመት ካሉ ሰዎች አማካይ ውጤት የተሻለ አመጡ። እ.ኤ.አ. በ2005፣ በ115 ዓመታቸው ሲያርፉ አንጎላቸው ተመረመረ፤ የአልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ምልክት እምብዛም አልተገኘበትም። እናታቸውም 100 ዓመት ኖረዋል።

ወንድምሽ እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። ቆይ፣ አልጨረስኩም። የሴትየዋ የደም ሥሮችም ንጹሕ ነበሩ። ያልታከመ ደም ግፊት ደግሞ የሚጎዳው እነዚያኑ የአንጎል ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚደርሰው የዘር ድርሻም ሩብ ያህል ብቻ ነው። የቱ ሩብ እንደደረሰው በምን ያውቃል? በዴንማርክ መንትዮች ላይ የተሠራው ጥናትም ሰዎች በሚኖሩት የዕድሜ ርዝማኔ ካለው ልዩነት ለዘር የሰጠው ሩቡን ያህል ነው።

የእኔም አባት «ሲያመኝ እውጠዋለሁ» ይሉ ነበር። ደም ግፊት ግን አያምም። አንድ ጠዋት ሲኒ ማንሳት አቃታቸው፤ ግራ እጃቸው አልታዘዝ አለ።

ቅዳሜ ቤትሽ ጥሪውና ግፊቱን አስለኪው። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ያዘዘለትን ሐኪም በቶሎ ያግኝ፤ የተረፈውን ክኒን በራሱ እንዳይጀምር። ቡናውን ከተለካ በኋላ አቅርቢለት፤ ቀድሞ ከጠጣ ልኬቱን ከፍ ያደርገዋል።